ውሃው ያልተመዘገበበት ቁጥር
ከእነዋሪ ዋልካ እስከ ክሪስታል መዝገብ፦ የማቴሪያል ሳይንስ ባለሙያ በምርምር መረጃ አያያዝ ሙያ ውስጥ

ሐምሌ ላይ ወደ እነዋሪ የዘለቀ መንገደኛ አስቀድሞ የሚታገለው ከመሬቱ ጋር ነው። በሰሜን ሸዋ፣ በሞረትና ጅሩ ወረዳ፣ በአምባው ላይ የተንጣለለው ጥቁር አፈር ዝናብ ሲጠግብ ጫማ ይነጥቃል፤ የበሬ እግር ይይዛል። በበጋ ደግሞ ያው አፈር እንደ ድንጋይ ጠጥሮ፣ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ አውጥቶ ይገኛል። የአገሩ ሰው ዋልካ ይለዋል፤ መረሬ የሚለውም አለ። የአፈር ሳይንስ ደግሞ «መገልበጥ» የሚል ትርጉም ካለው የላቲን ቃል ተነሥቶ ቬርቲሶል ብሎ ሰይሞታል፤ እያበጠና እየተሰነጠቀ ራሱን በራሱ የሚገለብጥ አፈር ነውና።

የእነዋሪ ገበሬ ከዚህ አፈር ጋር የሚኖርበትን ዘዴ ያገኘው ከመጽሐፍ አይደለም። ማሳው በማረሻ ከታረሰና ዘሩ ከተበተነ በኋላ ቤተሰቡ፣ በተለይም ሴቶችና ልጆች፣ ጎንበስ ብለው አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ ከፍ ያለ ሰፊ መደብ ይሠራሉ። በመደቡና በመደቡ መካከል የሚቀረው ቦይ የተረፈውን ውሃ ይዞ ከማሳው ያወጣዋል፤ ሰብሉም ሥሩ ሳይታፈን ከመደቡ ላይ ይበቅላል። በሌሎች የደጋ ዋልካ አካባቢዎች ግን ገበሬው ብዙውን ጊዜ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቆ፣ ክረምቱ ሊያልቅ ሲል በአፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ለመዝራት ይገደዳል። የክረምቱ ዝናብ ያለ ጥቅም ያልፋል፤ እርቃኑን የቆየው መሬትም በጎርፍ ይታጠባል።

ጉዳዩ የአንድ ወረዳ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ በቬርቲሶል የተሸፈነው መሬት 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሆን፣ ከዚህም ውስጥ 7.6 ሚሊዮን የሚሆነው በደጋው ክፍል እንደሚገኝ በአፈር ጥናት ጽሑፎች ዘወትር ይጠቀሳል። ስለዚህም ይህን አፈር የሚመለከት እያንዳንዱ ልኬት ከእንጀራ ጋር የተያያዘ ነው። ይሁን እንጂ የዚህ ጽሑፍ ዋነኛ ጥያቄ አፈሩ ስለ ተለካበት መንገድ ሳይሆን፣ ከተለካ በኋላ ቁጥሩ የት ደረሰ? የሚል ነው። ይህን ጥያቄ የዕለት ሥራው አድርጎ የያዘ ሙያ በዓለም ላይ እየሰፋ መጥቷል። የምርምር መረጃ አያያዝ ይባላል። የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪም ለዚህ ሙያ ከብዙዎች ይልቅ የቀረበ ነው። ለምን እንደ ሆነ ለማየት ከራሱ ከዋልካው እንጀምር።

አንድ ማዕድን፣ ሦስት ቁጥሮች

ዋልካን ዋልካ የሚያሰኘው ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ነው። ይህ ማዕድን እንደ መጽሐፍ ገጾች ከተደራረቡ እጅግ ስስ ንብርብሮች የተሠራ ነው። እያንዳንዱ ንብርብር ሁለት የሲሊካ ወለሎችና በመካከላቸው የገባ አንድ የአሉሚና ወለል አለው። ንብርብሮቹ አሉታዊ ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላላቸው እንደ ካልሲየምና ሶዲየም ያሉ አዎንታዊ አዮኖችን በመካከላቸው ይይዛሉ፤ አዮኖቹ ደግሞ ውሃን ይስባሉ። ውሃ ሲገባ ንብርብሮቹ ይራራቃሉ፤ ሲወጣ ይቀራረባሉ። በክረምት የሚያብጠውና በበጋ የሚሰነጠቀው የእነዋሪ ማሳ በዓይን የማይታየውን ይህን እንቅስቃሴ አጉልቶ ያሳያል።

የማቴሪያል ሳይንስ ባለሙያ በንብርብሮቹ መካከል ያለውን ርቀት በኤክስሬይ ይለካል። ከክሪስታሉ ወለሎች ነጥሮ የሚመለሰው ጨረር ካለው ማዕዘን ተነሥቶ፣ በብራግ ሕግ መሠረት ርቀቱን ያሰላል። ናሙናው በብርቱ ሙቀት ከተቃጠለ ውጤቱ 1.0 ናኖሜትር ያህል ይሆናል። ናሙናው በክፍሉ አየር ውስጥ የቆየ ከሆነ፣ እንደ እርጥበቱና እንደ አዮኑ ዓይነት ከ1.2 እስከ 1.5 ናኖሜትር ይደርሳል። ኢትሊን ግላይኮል በተባለ ፈሳሽ ከታከመ ደግሞ 1.7 ናኖሜትር ይሆናል። ማዕድኑ አንድ ነው፤ ቁጥሮቹ ግን ሦስት ናቸው።

አሁን አንድ ተመራማሪ ከሃያ ዓመት በፊት የተሠራ የኤክስሬይ ውጤት አገኘ እንበል። በወረቀቱ ላይ «1.0 ናኖሜትር» ተብሎ ተጽፏል፤ ናሙናው ይቃጠል አይቃጠል ግን አልተጻፈም። ይህ ቁጥር ምን ይነግረዋል? ምናልባት ማዕድኑ የተቃጠለ ስሜክታይት ነው። ምናልባትም ከነጭራሹ የማያብጠውና በተፈጥሮው 1.0 ናኖሜትር የሆነው ኢላይት ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ማሳው መደብና ቦይ ያስፈልገዋል፤ ሁለተኛው ከሆነ ላያስፈልገው ይችላል። ልኬቱ ስሕተት የለበትም፤ መሣሪያውም ደኅና ነበር። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ይህ ስለ ልኬቱ የሚናገር መረጃ ሜታዳታ ይባላል፤ «የመረጃው መረጃ» ልንለው እንችላለን።

ሁለተኛ ምሳሌ እንጨምር። የአንድ ሄክታር ማሳ የላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር 2,000 ሜትር ኩብ ይዘት አለው። የአፈሩ እፍግታ በሜትር ኩብ 1.1 ቶን ቢሆን ክብደቱ 2,200 ቶን ይሆናል፤ 1.6 ቶን ቢሆን ደግሞ 3,200 ቶን ይሆናል። በአፈሩ ውስጥ 1 በመቶ ካርቦን ቢኖር፣ በመጀመሪያው ስሌት 22 ቶን፣ በሁለተኛው 32 ቶን ካርቦን አለ ማለት ነው። የዋልካ እፍግታ ግን ሲረጥብና ሲደርቅ ይለያያል። ናሙናው በነሐሴ ይወሰድ ወይስ በጥር ካልተጻፈ፣ 10 ቶን ካርቦን ከወረቀት ላይ ይጨመራል ወይም ከወረቀት ላይ ይጠፋል፤ በማሳው ላይ ግን ምንም የተለወጠ ነገር የለም።

የሶስና ኃይሌ ጨውና የእርጥበት ክርክር

ውሃውን አለመመዝገብ የሚያስከትለው ችግር በአፈር ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ የተወለዱት የማቴሪያል ሳይንስ ሊቅ ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ ትምህርታቸውን በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተከታትለው እዚያው ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። ከዚያም በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ለረጅም ዓመታት ካስተማሩና ከተመራመሩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛውረዋል። ዝናቸው ጠጣር አሲዶች ከሚባሉ ጨው መሰል ቁሶች ጋር የተያያዘ ነው። እነዚህ ቁሶች በተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርሱ ፕሮቶንን በፍጥነት ማስተላለፍ ስለሚጀምሩ፣ ከሃይድሮጂን ኤሌክትሪክ ለሚያመነጨው የነዳጅ ሴል ኤሌክትሮላይት ሊሆኑ ይችላሉ። ሶስናና ባልደረቦቻቸው ይህ ሊሠራ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳዩ።

በኋላ ትኩረታቸውን የሳበው ሲዝየም ዳይሃይድሮጂን ፎስፌት የተባለው ቁስ ነው። ይህ ቁስ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ፕሮቶን የማስተላለፍ ችሎታው በሺዎች እጥፍ ይጨምራል። ሆኖም በተመራማሪዎች መካከል ክርክር ነበረ። አንዳንዶቹ ጭማሪው የክሪስታሉ መዋቅር ስለሚለወጥ የሚመጣ ነው አሉ። ሌሎቹ ደግሞ ጨዉ በሙቀቱ ውሃውን እየለቀቀ ስለሚፈርስ የሚታይ ክስተት ነው ብለው ተከራከሩ። ሁለቱም ወገኖች ልኬት ነበራቸው። የአንዱ ላቦራቶሪ ውጤት ከሌላው የማይስማማው ግን በናሙናው ዙሪያ ያለው አየር ምን ያህል የውሃ ተን እንደ ያዘ፣ ናሙናውም በምን ፍጥነት እንደ ሞቀ ስለሚለያይ ነበር። የሶስና ቡድን ልኬቱን በከፍተኛ ግፊትና በተቆጣጠሩት እርጥበት ውስጥ ሲያካሂድ፣ ጨዉ ሳይፈርስ መዋቅሩን እንደሚለውጥ አረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ2004 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመው የነዳጅ ሴላቸውም የሠራው እርጥበቱን በመቆጣጠር ነው።

አንባቢ ሆይ፣ የእነዋሪን ዋልካና የሲዝየሙን ጨው ጎን ለጎን አስቀምጣቸው። አንዱ የገበሬ ማሳ ነው፤ ሌላው በላቦራቶሪ የተዘጋጀ ነጭ ዱቄት ነው። ሁለቱም ግን አንድ ትምህርት ያስተምራሉ፤ ውሃው ያልተመዘገበበት ቁጥር ግማሽ ቁጥር ነው። የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪ ከመጀመሪያ ዓመቱ ጀምሮ የቁስ ጠባይ በአዘገጃጀቱ፣ በመዋቅሩና ባለፈበት ታሪክ እንደሚወሰን ይማራል። ስለዚህ «ይህ ናሙና ምን ደርሶበታል?» ብሎ መጠየቅ ልማዱ ነው። የምርምር መረጃ አያያዝም በመሠረቱ ይኸው ጥያቄ ነው።

ከላቦራቶሪ ወደ መረጃ ቋት የተሻገሩት እመቤት

ይህን ጥያቄ ሙያ አድርገው በመያዝ ቀደምት ከሆኑት አንዷ ኦልጋ ኬናርድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1924 በቡዳፔስት ተወልደው፣ በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተሰድደው፣ በካምብሪጅ የክሪስታል መዋቅርን በኤክስሬይ የሚያጠኑ ሳይንቲስት ሆኑ። በዚያ ዘመን የአንድን ሞለኪውል መዋቅር ማወቅ ወራትን፣ አንዳንዴም ዓመታትን የሚፈጅ ሥራ ነበር። ውጤቱ ግን በልዩ ልዩ መጽሔቶች ተበትኖ፣ የማተሚያ ስሕተት ተጨምሮበት ይቀር ነበር። ኬናርድ እ.ኤ.አ. በ1965 የታተሙትን መዋቅሮች እየሰበሰበ፣ እየመረመረና በአንድ ወጥ አቀራረብ እያደራጀ በኮምፒዩተር የሚያስቀምጥ ማዕከል መሠረቱ።

ሥራው በመጀመሪያ የጸሐፊ ሥራ መስሎ ለታያቸው ጥቂቶች አልነበሩም። ነገር ግን እያንዳንዱ መዋቅር ሲገባ ርቀቶቹና ማዕዘኖቹ እንደገና ይሰላሉ፤ የማይስማማ ነገር ሲገኝም ደራሲው ይጠየቃል። ክምችቱ ሲያድግ ደግሞ ማንም ብቻውን ሊያገኘው የማይችለው ዕውቀት ይወጣው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1987 ከተጠራቀሙት መዋቅሮች የተሰላ የአተም ለአተም ርቀት ሠንጠረዥ ታተመ፤ ኬሚስቶች እስከ ዛሬ ይጠቅሱታል። የመዋቅሮቹ ብዛት እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ሚሊዮን ሞላ። ኬናርድ እ.ኤ.አ. በ2023 ሲያርፉ፣ ከራሳቸው ግኝቶች በላይ የሚጠሩበት ሥራ የሌሎችን ግኝት እንዳይጠፋ መጠበቃቸው ነበር።

በእነዋሪ የተደከመበት

ወደ አገራችን እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1986 የጋራ ቬርቲሶል ፕሮጀክት የተባለ የምርምር ሥራ ተጀመረ። በዚህም በወቅቱ ኢልካ ይባል የነበረው የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ማዕከል፣ በህንድ የሚገኘው ኢክሪሳት፣ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ የዓለማያ ግብርና ዩኒቨርሲቲና የግብርና ሚኒስቴር ተባብረዋል። ከምርምር ጣቢያዎቹ መካከል ደብረ ዘይት፣ ወረ ኢሉና እነዋሪ ይገኙበታል። የእነዋሪ ገበሬ በእጁ የሚሠራው መደብ ለተመራማሪዎቹ ሕያው ማስረጃ ነበር። ኢክሪሳት በበኩሉ በህንድ ጥቁር አፈር ላይ ተመሳሳይ መደብና ቦይ በባለጎማ የእርሻ መሣሪያ ይሞክር ነበር። የኢትዮጵያ ገበሬ ግን ያለው ማረሻ፣ ቀንበርና ጥንድ በሬ ነው። ስለዚህ ሁለት ማረሻዎችን አጣምሮ፣ አፈሩን ወደ መካከል የሚሰበስብ ክንፍ በማበጀት፣ 80 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መደብና 40 ሴንቲሜትር የሆነ ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ ተሠራ። ይህም በምህጻረ ቃሉ ቢቢኤም እየተባለ በብዙ የዋልካ ወረዳዎች ታወቀ።

እነዚያ ተመራማሪዎች በየክረምቱ የዝናቡን መጠን፣ የዘሩን ቀን፣ የማዳበሪያውን ዓይነት፣ የምርቱን ክብደት ይመዘግቡ ነበር። ዛሬ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የእነዋሪ አፈር በአርባ ዓመት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተለወጠ ማወቅ ቢፈልግ፣ ከእነዚያ መዝገቦች የተሻለ መነሻ የለውም። ያለፈን ክረምት ዳግመኛ መለካት አይቻልምና።

ፍለጋው ግን ቀላል አይሆንለትም። ከመሥራች ተቋማቱ መካከል ስሙን ያልለወጠ ጥቂት ነው። ኢልካ እ.ኤ.አ. በ1995 ናይሮቢ ከነበረው የእንስሳት በሽታ ምርምር ላቦራቶሪ ጋር ተዋሕዶ ኢልሪ ሆነ። የዓለማያ ዩኒቨርሲቲ ሐረማያ ተባለ። የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩቱ በመጀመሪያ ድርጅት፣ ቀጥሎም የኢትዮጵያ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ሆነ። ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ተብላለች። የእነዋሪ ስም እንኳ በላቲን ፊደል ሲጻፍ በአንዱ ሰነድ «አይ» በተባለው ፊደል፣ በሌላው «ኢ» በተባለው ይጀምራል፤ ለኮምፒዩተር እነዚህ ሁለት ልዩ ልዩ ከተሞች ናቸው። አፈሩም በአንዱ ዘገባ ዋልካ፣ በሌላው መረሬ፣ በሦስተኛው ኮቲቻ፣ በአራተኛው ቬርቲሶል ነው።

የእኛው ወጥመዶች

ከዚህ በላይ በውጭ አገር የመማሪያ መጻሕፍት የማይገኙ፣ ለኢትዮጵያ መረጃ የተለዩ ወጥመዶች አሉ። ለምሳሌ አንድ ታዛቢ የቡቃያ ቆጠራ ያደረገው ጳጉሜ 3 ቀን 2010 ዓ.ም. ነው እንበል። በቅጹ ላይ «3/13/2010» ብሎ ይጽፋል። የኮምፒዩተሩ የሠንጠረዥ ፕሮግራም በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተስተካከለ ከሆነ፣ ምንም ሳይጠይቅ «ማርች 13 ቀን 2010» ብሎ ይቀበለዋል። እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2018 ነበር። ከስምንት ዓመት በላይ የሆነ ስሕተት ያለ ማስጠንቀቂያ ገባ ማለት ነው።

የሰዓት ነገርም እንዲሁ ነው። የአየር ጠባይ ታዛቢ የዝናብ መለኪያውን የሚያነበው ጠዋት በ3 ሰዓት ነው። «3፡00» ብሎ የመዘገበውን የውጭ አገር ባልደረባው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አድርጎ ሊረዳው ይችላል። ከዚህም ሌላ ጠዋት የተነበበው ውሃ አብዛኛው የዘነበው ትናንት ነው። ዝናቡ በየትኛው ቀን ስም እንደ ተጻፈ ካልተገለጸ፣ የዝናብና የጎርፍ ጥናት በአንድ ቀን ይዛነፋል።

ሦስተኛው ወጥመድ የቦታ ነው። ቀደም ያሉት የኢትዮጵያ የመልክዐ ምድር ካርታዎች አዲንዳን በተባለ የልኬት መነሻ የተዘጋጁ ሲሆኑ፣ በሳተላይት የሚሠሩት የዛሬ መሣሪያዎች ሌላ መነሻ ይጠቀማሉ። አንድ ነጥብ በአንዱ ተለክቶ በሌላው ቢነበብ በአገራችን ከ200 ሜትር በላይ ይርቃል። ከዋልካው ሜዳ ጫፍ ወደ ገደሉ ለመውረድ 200 ሜትር በቂ ነው።

ከሃያ ሺህ ውስጥ

እነዚህ ወጥመዶች በአገር ደረጃ ምን እንደሚያስከትሉ የታየበት ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በኢትዮጵያ የሚሠሩ የአፈርና የሰብል ተመራማሪዎች መረጃቸውን በፈቃዳቸው ለመጋራት «የፈቃደኞች ጥምረት» በሚል ስም ተሰባሰቡ። እስከዚያ ድረስ ይሠራበት የነበረው የአገሪቱ የአፈር ካርታ እ.ኤ.አ. በ1984 የተዘጋጀ ሲሆን መጠኑ 1 ለ2 ሚሊዮን ነበር፤ በዚህ መጠን በካርታው ላይ አንድ ሴንቲሜትር በመሬት ላይ 20 ኪሎ ሜትር ነው። ጥምረቱ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየፕሮጀክቱና በየተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ተበትነው የቆዩ 20,000 ያህል የአፈር ጉድጓድ መግለጫዎችን ሰበሰበ። እነዚህም ተጣርተውና በአንድ ወጥ ቅጽ ተዘጋጅተው ለሞዴል ሥራው የበቁት 14,681 ናቸው። ከእነርሱም በማሽን ትምህርት ዘዴ 18 የአፈር ክፍሎችን በ250 ሜትር ጥራት የሚያሳይ አዲስ ካርታ ተሠርቶ፣ አንጋፋ የአፈር ባለሙያዎች መርምረውት፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ሶይል በተባለው ዓለም አቀፍ መጽሔት ታተመ።

ሁለቱን ቁጥሮች እናነጻጽር። ከአራት መግለጫዎች አንዱ ያህል ከሥራው ውጭ ቀርቷል። ከእያንዳንዱ መግለጫ ጀርባ በአካፋ የተቆፈረ ጉድጓድ፣ ወደ ላቦራቶሪ የተጫነ ናሙና፣ የተከፈለ የውሎ አበል አለ። መረጃው ቢኖርም ቦታው በትክክል ካልተጻፈ ወይም የአፈሩ ስም ከሌላው ጋር ሊመሳከር ካልቻለ፣ ጉድጓዱ እንዳልተቆፈረ ይቆጠራል። በሌላ በኩል 14,681 መግለጫዎች ከያሉበት ወጥተው አንድ ካርታ መሥራታቸው፣ ተገቢው እንክብካቤ ከተደረገለት አሮጌ መረጃ ዳግመኛ እንደሚያፈራ የሚያረጋግጥ ነው።

ሙያው ምን ይሠራል?

የምርምር መረጃ አያያዝ ባለሙያ ሥራውን የሚጀምረው ምርምሩ ካለቀ በኋላ ሳይሆን ከመጀመሩ በፊት ነው። ከተመራማሪዎቹ ጋር ተቀምጦ ምን እንደሚለካ፣ በምን ክፍል እንደሚጻፍ፣ ማን እንደሚያስቀምጠው፣ ማንስ ሊያየው እንደሚችል ያቅዳል። ለፋይሎች ወጥ ስም ያወጣል። እያንዳንዱ የሠንጠረዥ ዓምድ ምን ማለት እንደ ሆነ የሚያስረዳ ገላጭ ጽሑፍ እንዲኖር ያደርጋል። ፕሮግራሙ ከገበያ ሲወጣ አብሮ የማይሞት የፋይል ዓይነት ይመርጣል። ሥራው ሲያልቅም መረጃውን በታመነ ማከማቻ አስገብቶ፣ ዘላቂ መለያ ቁጥር አሰጥቶ፣ የአጠቃቀም ፈቃዱን ይጽፋል።

ለዚህ ሥራ መመሪያ የሆኑ አራት መርሖች እ.ኤ.አ. በ2016 ታትመዋል፤ መረጃ የሚገኝ፣ የሚደረስበት፣ ከሌላ መረጃ ጋር የሚጣጣምና ዳግመኛ ሥራ ላይ የሚውል ይሁን ይላሉ። በአገራችንም የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2019 ለከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ባወጣው የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ የምርምር ጽሑፍ በማከማቻ እንዲቀመጥ ደንግጓል፤ ለመረጃም እነዚህኑ መርሖች አመልክቷል። ፖሊሲ ግን ብቻውን ፋይል አይከፍትም። የላቦራቶሪውን ቋንቋና የኮምፒዩተሩን ቋንቋ አስታርቆ የሚሠራ ሰው ያስፈልጋል።

የማቴሪያል ሳይንስ ተማሪ ለዚህ ሁለት ስንቅ ይዞ ይመጣል። አንደኛ፣ መሣሪያዎችን ያውቃል፤ የኤክስሬይ፣ የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕና የሙቀት ትንተና ውጤት ሲበላሽ ምን እንደሚመስል ይለያል። ሁለተኛ፣ ናሙና ታሪክ እንዳለው ያምናል። በጅማና በአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱን የሚከታተሉ ተማሪዎች በዚህ ላይ የፕሮግራም አጻጻፍን፣ የመረጃ ቋት አሠራርንና የቤተ መጻሕፍት ሳይንስን መሠረታዊ ዕውቀት ቢጨምሩበት፣ ከምርምር ተቋም እስከ ስሚንቶ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ድረስ የሚፈለጉ ባለሙያዎች ይሆናሉ።

የሙያው ችግርም መደበቅ የለበትም። በሳይንስ ዓለም ማዕረግ የሚገኘው በአብዛኛው ጽሑፍ በማሳተም ነው፤ የሌላውን መረጃ ያጸዳ ሰው ስሙ ብዙ ጊዜ በምስጋናው መስመር ይቀራል። ተመራማሪዎችም መረጃቸውን ለመስጠት ያመነታሉ፤ ሌላው ቀድሞ ያትምብኛል ብለው ይሠጋሉ፤ ሥጋታቸውም መሠረተ ቢስ አይደለም። ስለዚህ ባለሙያው የተመጣጠነ የጥበቃ ጊዜና የባለቤትነት ዕውቅና የሚሰጥ ስምምነት ማዘጋጀት ይኖርበታል። የማሳው ባለቤትም አለ። የአንድ ገበሬ የምርት መጠን ከእርሻው ትክክለኛ ቦታ ጋር ተያይዞ ለሁሉ ሲገለጥ፣ ገበሬው ፈቅዷልን? የሚለው ጥያቄ ከሳይንሱ እኩል ሊታሰብበት ይገባል።

የተጻፈ ይወረሳል

መረጃን ከነታሪኩ ማስቀመጥ ለእኛ ባዕድ ልማድ ነው ብሎ የሚያስብ ቢኖር የብራና መጻሕፍትን ይመልከት። የብራና ጸሐፊ መጽሐፉን ሲፈጽም በመጨረሻው ቅጠል ላይ በማን ዘመነ መንግሥት፣ በየትኛው ወንጌላዊ ዓመት፣ ለማን እንደ ተጻፈ የሚያኖርበት ጊዜ ብዙ ነው። የዛሬ የታሪክ ተመራማሪ ብራናውን በዘመኑ የሚያስቀምጠው በእነዚያ ጥቂት መስመሮች ነው። አባቶች «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት፣ መጻፍ ብቻ ሳይሆን ተለይቶ በሚታወቅ መልክ መጻፍን ጨምሮ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ ተማሪ፣ ይህን ሙያ ለመጀመር ዲግሪ መጠበቅ አያስፈልግህም። ነገ በላቦራቶሪ ውስጥ አንድ ቁጥር ስትጽፍ አምስት ነገሮችን ከጎኑ ጻፍ፤ ቀኑን ከነዘመን አቆጣጠሩ፣ ሰዓቱን ከነአቆጣጠሩ፣ ቦታውን ከነልኬት መነሻው፣ የመለኪያውን ክፍል፣ ናሙናው ከመለካቱ በፊት የደረሰበትን። ከዚያም ማስታወሻህን ለጓደኛህ ስጠውና ምንም ሳትነግረው ያንብበው። አንተን ሳይጠይቅ ሙከራውን መድገም ከቻለ ሥራህ ተሟልቷል፤ ካልቻለ የጎደለውን ዛሬውኑ ሙላ፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚጠይቅህ አያገኝህምና።

የእነዋሪ ቤተሰብ በእጁ የሠራው መደብ ለአንድ ክረምት ያገለግላል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ይሠራል። የአንድ ክረምት ልኬት ግን እንደገና አይሠራም። ጭቃው ውስጥ ቆሞ ዝናቡን የለካው ተመራማሪ ድካሙ ፍሬ የሚያፈራው፣ ቁጥሩ ከነውሃው ተመዝግቦ ለሚቀጥለው ሰው የደረሰ እንደ ሆነ ነው።